ፊደል የቆጠረ ሁሉ አንባቢ ነውን?

ሰንጋ ተራ የሚለው ስም ራሱ ትምህርት ነው። ስሙ እንደሚመሰክረው፥ ስፍራው በቀድሞው ዘመን የዕርድ ከብት የሚሸጥበት ነበረ፤ ዛሬ ግን በ2014 ዓ.ም. የተመረቀውና ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ቆሞበታል። በአካባቢው የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚያድጉ ሕፃናት የሰፈራቸውን ስም በየቀኑ ይጠራሉ። ይሁን እንጂ ሰንጋ ከወይፈን፥ ወይፈንም ከጊደር በምን እንደሚለይ ቢጠየቁ ብዙዎቹ መልስ የሚያጡ ይመስለናል። ይህን ማንሣታችን ያለፈውን ዘመን በመናፈቅ አይደለም፤ ቃሉን የማያውቅ ልጅ ፊደሉን ቢለይም ጽሑፉን ሊረዳው አይችልምና ነው።

ነገሩ የአንድ ሰፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአያሌ ክልሎች በተደረገው የንባብ ፈተና፥ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሢሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ተስኗቸው ተገኝተዋል። የዓለም ባንክም በ2012 ዓ.ም. ግድም ባወጣው ግምት፥ በዐሥር ዓመት ዕድሜ ከሚገኙት የአገራችን ልጆች ከዐሥሩ ዘጠኙ ያህል ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም።

ንባብ ሁለት እግር አለው፤ አንዱ ፊደል፥ ሁለተኛው ቃል ነው። ስለ ፊደሉ የቄስ ትምህርት ቤት የተወልን ብልሃት አለ። ልጁ ሀሁን በዜማ ከያዘ በኋላ የኔታ ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል፤ በዚያ የፊደሉ ተራ ስለሚለወጥ፥ ልጁ በቃሉ የሸመደደውን ሳይሆን በዓይኑ የሚያየውን ለመጥራት ይገደዳል። 33ቱን ፊደላት ከሰባት ሰባት ቅርጻቸው ጋራ ለይቶ ማወቅ የሚቻለው በዚህ ዐይነት ልምምድ ነው።

ሁለተኛው እግር ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «ዋና» የሚለው ቃል ሲላላ በውሃ ላይ መንሳፈፍ፥ ሲጠብቅ ግን አውራ ማለት ነው፤ «አለ» የሚለውም ሲላላ ተናገረ፥ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ይሆናል። ትክክለኛውን አነባበብ የሚነግረው ፊደሉ ሳይሆን፥ ልጁ አስቀድሞ በጆሮው ያጠራቀመው ቃልና የዐረፍተ ነገሩ ስሜት ነው። እንግዲህ ቃል ያልሰማ ልጅ፥ ፊደል ቢቆጥርም አንባቢ አይሆንም።

ይህ ስንቅ የሚሰነቀው ትምህርት ቤት ከመግባት በፊት ነው። ወላጆቻችን በተረትና በእንቆቅልሽ ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው፤ እንቆቅልሽ ልጁን ስለ ነገሩ ጠባይና መልክ እንዲያስብ ያስገድደዋልና። አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሣህሉ) በ1957 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአርባ ዓመታት ያህል ተረት ሲያወሩ፥ በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ዝግጅትም ፊደልና ቃል ሲያስተምር አይተናል። ሁለቱም የሚመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን ቴሌቪዥን ልጁ ላነሣው ጥያቄ መልስ አይሰጥም፤ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል የሚመልስለት፥ መልሶም የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል።

አንዳንድ ወላጆች «ልጄ እንግሊዝኛ ይልመድ እንጂ አማርኛውን የትም ያገኘዋል» ይላሉ። ለነገ እንጀራው አስበው ነውና አንነቅፋቸውም። ሆኖም በቤቱ ቋንቋ ሐሳቡን ያበለጸገ ልጅ በባዕዱ ቋንቋ የሚቀረው አዲስ ስም መማር ብቻ ነው፤ በሁለቱም የጎደለው ግን ስሙንም ነገሩንም በአንድ ጊዜ ለመማር ይቸገራል። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ መደንገጉም ያለ ምክንያት አልነበረም።

መጻሕፍትስ? በ1995 ዓ.ም. በሾላ የተከፈተው የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት በር ቢከፈት ልጆች እንደሚመጡ አሳይቷል። በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተመረቀው አብርሆትም ለከተማችን ታላቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን የአምስት ዓመት ሕፃን በየዕለቱ ከሰንጋ ተራ አራት ኪሎ ሊመላለስ አይችልም። መጽሐፉ ወደ ልጁ መምጣት ይገባዋል።

ስለዚህ የምናሳስበው ሩቅ አይደለም። በየጋራ መኖሪያ ቤቱ ግቢ አንድ ክፍል ለሕፃናት ንባብ ይለይ፤ የነዋሪዎች ማኅበርና ወረዳው ጥቂት ሥዕል ያለባቸውን መጻሕፍት ይግዙ፤ ተማሪዎች በየሳምንቱ ተራ ገብተው ያንብቡላቸው። በየቢሮው የምንገኝ ወጣት ሠራተኞችም ማታ ቤት ስንገባ ለልጆቻችን፥ ለእኅት ለወንድሞቻችን ሩብ ሰዓት አንንፈግ። ካነበብንላቸውም በኋላ እንጠይቃቸው፤ ሲመልሱም እናዳምጣቸው። ትልልቅ ሕንፃ ማቆም ለአገር ክብር ነው፤ ነገ በሕንፃው ውስጥ ገብቶ ሰነዱን አንብቦ የሚረዳው ትውልድ ግን ዛሬ በደጁ የሚጫወተው ሕፃን መሆኑን አንርሳ።