የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ከግንቡ በስተጀርባ ያለው ስም



በእስራኤል፣ በቂርያት ማላኪ፣ በገደራና በያቭኔ ስንቱ ወገናችን የማሽካንታ (የቤት ብድር) ውል ላይ ሲፈርም እጁ ይንቀጠቀጣል። የሃያና የሠላሳ ዓመት ላቡ ነውና! ይህን እትም ያዘጋጀነው ለእሱ ነው።

ከግንቡ በስተጀርባ የማን ስም እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። የኢየሩሳሌሙን የሆሊላንድ ግንባታ ያካሄደው ባለሀብት ሂሌል ቸርኒ እ.ኤ.አ. በ2014 በጉቦ ጥፋተኛ ተባለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 ቅጣቱን ከ3 ዓመት ተኩል ወደ 2 ቢያወርድለትም ስሙን አላነጻለትም። የሻጭ ማንነት ለእኛም እንግዳ ጉዳይ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በቂርያት ማላኪ አንዳንድ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥ መስማማታቸው ሲጋለጥ አደባባይ መውጣታችንን አልረሳንም።

እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የእስራኤል የቤት ሽያጭ ሕግ አዲስ ቤት ከገንቢው የሚገዛ ሰው ከዋጋው ከ7 በመቶ በላይ ከመክፈሉ በፊት ዋስትና እንዲሰጠው ያዛል። ከመፈረማችሁ በፊት የሻጩን ስም አጣሩ፤ ዋስትናውንም ጠይቁ።

መልካም ንባብ!

አዘጋጁ