ጥናቱ ስለ ልጆቻችን ከሆነ ውጤቱም ለእኛ ይነገረን

ድሃ አገሮች እንዴት ያድጋሉ? ለድሃ ቤተሰብ ከሚሰጠው እርዳታስ ፍሬ የሚያፈራው የትኛው ነው? ይህ ጥያቄ ዛሬ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ትልቅ ክርክር ያስነሣል። ክርክሩን ከሩቅ ለሚሰማው የኬንያና የሕንድ ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን በዚህ የትምህርት ዘርፍ ከሚታወቁት ጥናቶች አንዱ የተሠራው በእኛው ልጆች ላይ ነው። ይህንን ከማኅበረሰባችን ውስጥ ስንት ሰው ያውቃል ቢባል በጣት የሚቆጠር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በግንቦት 1991፣ በዘመቻ ሰሎሞን፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ገቡ። ከአውሮፕላን የወረደው ሕዝብ በአውቶቡስ እየተጫነ በመላ አገሪቱ ወደሚገኙ መርከዝ ቅሊጣዎች ተከፋፈለ። ማን ወደ ሰሜን፣ ማን ወደ ደቡብ እንደሚሄድ የወሰነው የአባትየው ሀብት ወይም የእናትየው ትምህርት አልነበረም። ሰው የሄደው ባዶ ክፍል ወደተገኘበት ነው። ኤሪክ ጉልድ፣ ቪክቶር ላቪና ዳንኤሌ ፓሰርማን የተባሉ ሦስት የኢኮኖሚ ሊቃውንት ይህንን ሁኔታ መረመሩ። ክፍፍሉ ዕጣ የመጣል ያህል መሆኑን አይተው፣ ልጆቹ መጀመሪያ የገቡበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኋላ ኑሯቸው ላይ ምን እንዳደረሰ አጠኑ። ጥናቱ በ2004 በታወቀው የአሜሪካ የኢኮኖሚ መጽሔት፣ በኳርተርሊ ጆርናል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ታተመ።

ይህ ጥናት የተከበረበት ምክንያት ለገበሬ ልጅ ከባድ አይደለም። አባቶቻችን ርስት ባይኖራቸውም የሰው መሬት አርሰው ኖረዋልና። ጎበዝ ገበሬ ለም መሬት ይመርጣል። ታዲያ መኸሩ ሲያምር ያማረው ከገበሬው ጉብዝና ነው ወይስ ከመሬቱ ለምነት? ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። ትምህርት ቤትም እንደዚሁ ነው። ገንዘብ ያላቸውና ስለ ትምህርት አጥብቀው የሚያስቡ ወላጆች ጥሩ ትምህርት ቤት ወዳለበት ሰፈር ይሄዳሉ። ልጃቸው ሲሳካለት ምስጋናው ለትምህርት ቤቱ ይሁን ለወላጆቹ አይታወቅም። በ1991 ግን የእኛ ወላጆች መሬቱን አልመረጡም፤ መሬቱ በዕጣ ደረሳቸው። ተመራማሪዎቹም የትምህርት ቤቱን ድርሻ ከቤተሰቡ ድርሻ ለይተው መመዘን የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ያገኙት ውጤት ግልጽ ነው። አጋጣሚ የተሻለ ትምህርት ቤት ያደረሳቸው ልጆች ከዓመታት በኋላ ትምህርት የሚያቋርጡት ጥቂት ሆኑ፤ ክፍል የሚደግሙትም ቀነሱ፤ ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚያስገባውን የባግሩት ፈተና የሚያልፉት ደግሞ በዙ። ልብ በሉ፤ ሁሉም በአንድ ዘመቻ የመጡ፣ ቤታቸውም የሚመሳሰል ልጆች ናቸው። የተለያየው አውቶቡሱ ያወረዳቸው ቦታ ነው።

ይህንን የምጽፈው በማኅበራዊ ሠራተኛነት ብዙ ስብሰባ ላይ የተቀመጥኩ፣ እኔም በዚያ ዘመቻ ከመጡት ልጆች አንዷ ሆኜ ነው። አንድ የእኛ ልጅ በትምህርቱ ሲደክም ጠረጴዛው ዙሪያ የሚባለውን አውቀዋለሁ። «ቤት ውስጥ መጽሐፍ የለም፤ አባትየው ዕብራይስጥ አያነብም፤ ባህላቸው ነው» ይባላል። መምህሩም፣ አማካሪዋም፣ አንዳንዴም የእኔው የሙያ ባልደረቦች ይህንን ይላሉ። ጥናቱ እንዲህ ለሚሉት ሁሉ መልስ አለው። አባትየው ያው አባት ሆኖ፣ ትምህርት ቤቱ ሲለወጥ የልጁ ዕድል ይለወጣል። በእኔ አስተያየት ይህንን አንድ ነገር ወላጆቻችን በአማርኛና በትግርኛ ቢሰሙት ኖሮ ብዙዎቹ በልጆቻቸው ፊት አንገታቸውን ደፍተው ባልኖሩ ነበር።

በቅርቡ እዚህ አሽዶድ፣ ማሪና ላይ፣ ጀልባዎቹ በሚታሰሩበት በኩል ለአየር ከወጡ እናቶች ጋር ስንጨዋወት ጉዳዩን አነሣሁት። በዘመቻ ሰሎሞን የመጡ አንዲት እናት እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ «ልጄ፣ እኛ ስማችን ሲጠራ አውቶቡስ ላይ ወጣን እንጂ ወዴት እንደምንሄድ ማን ነገረን? አሁን ዕጣ ነበር ትይኛለሽ። እሺ ይሁን፤ ዕጣው ያልወጣለት ልጅስ በኋላ ምን ተደረገለት?» አሉኝ።

እኚህ እናት ሳያውቁት የዘርፉን ዋና ክርክር ነው ያነሡት። በ2019 አብሂጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎና ማይክል ክሬመር የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት የልማት እርዳታን እንደ መድኃኒት በመፈተናቸው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከብዙ መንደሮች ወይም ትምህርት ቤቶች ገሚሱ በዕጣ እርዳታውን ያገኛል፣ ገሚሱ ይቆያል፤ ከዚያ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። በዚህ መንገድ ብዙ ከንቱ ሥራ ተጋልጧል። ከሁሉ የሚገርመኝ በ1990ዎቹ በምዕራብ ኬንያ የተደረገው የመማሪያ መጽሐፍ ሙከራ ነው። መጽሐፍ የሌላቸው ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ቢሰጣቸው ልጆቹ ይሻሻላሉ ብሎ ያልገመተ አልነበረም። ክሬመርና ጓደኞቹ ሲመዝኑት ግን የጠቅላላው ተማሪ ውጤት ከፍ አላለም፤ የተጠቀሙት ቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ብቻ ሆኑ። ምክንያቱ መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለነበር ነው። ለብዙዎቹ ልጆች ደግሞ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋቸው ነበር፤ አንብበው አይረዱትም ነበር።

እኛ ደግሞ በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ስንት ያልተነበበ የዕብራይስጥ ደብዳቤ አለን!

በሌላ በኩል የ2015 የኖቤል ተሸላሚ አንገስ ዲተን በዚህ አሠራር ላይ ጠንካራ ተቃውሞ አለው። አንድ ነገር እዚያ ቦታ ሠርቷል ማለት እዚህም ይሠራል ማለት አይደለም፣ ለምን እንደሠራ ካልታወቀ ቁጥሩ ብቻውን አይመራም ይላል። ሌሎችም በድሃ ላይ ዕጣ መጣል ተገቢ ነው ወይ፣ ፈቃዱንስ ማን ጠየቀ ብለው ይሞግታሉ። ዕጣውን የሚያስጥለው ብዙ ጊዜ ከሀብታም አገር የመጣ ምሁር፣ ዕጣው የሚጣልበት ደግሞ የድሃ አገር ገበሬ መሆኑም ይነሣል። እውነቱን ለመናገር በእኛ ጉዳይ ዕጣውን የጣሉት ተመራማሪዎቹ አይደሉም። ጥድፊያው ነው የጣለው፤ እነሱ በኋላ መጥተው ቆጠሩት። መቁጠራቸውም ጠቅሞናል ባይ ነኝ። የእናትየው ጥያቄ ግን አሁንም መልስ አላገኘም። ዕጣው ያልወጣለት ልጅ ዛሬ ዕድሜው አርባን አልፎ የራሱን ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሳል።

ክርክሩ አሁን የባሰው ገንዘቡ ስላነሰ ነው። ዩኤስኤይድ የተባለው የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ከሐምሌ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ራሱን የቻለ ድርጅት መሆኑ ቀርቶ፣ የተረፈው ሥራ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተዛውሯል። ኢትዮጵያ ከዚህ ድርጅት ብዙ እርዳታ ከሚያገኙት አገሮች አንዷ ነበረች። በ2005 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ ማለትም በየዓመቱ እህል ለሚያልቅበት ገበሬ እርከንና መንገድ እየሠራ ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል የሚሰጠው፣ የቆመው በመንግሥትና በብዙ ለጋሾች ገንዘብ ነው። ለችግረኛ እህል ይሻላል ወይስ ብር የሚለው ክርክር እዚያ የወረቀት ክርክር አይደለም። ከአሽዶድ ወደ ጎንደር ለዘመድ ገንዘብ የሚልክ ሰውም ይህንን ክርክር ሳያነብ ያውቀዋል፤ ስልክ ደውሎ ምን እንደጎደለ ይጠይቃልና።

ወደ ራሳችን እንመለስ። እዚህ አገር ለእኛ ተብሎ ብዙ ፕሮግራም ተከፍቷል። አንዳንዱ ቁም ነገር ነበረው። ለምሳሌ ጆይንት በ1998 የጀመረው ፓክት የተባለው ፕሮግራም ከልደት እስከ ስድስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ ያተኮረ ነበር። ሥራው ከሥሩ መጀመሩ ትክክል ነበር። ሌላው ግን ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶት፣ ከትምህርት ቤት ወጥቶ መንገድ ላይ ከቆመ በኋላ የሚደርስ ነው። ከ2015 ወዲህ መንግሥት «ደሬኽ ሀዳሻ» ብሎ በሰየመው ዕቅድ ለእኛ ብቻ የተለየ አገልግሎት ከመክፈት ይልቅ ከሁሉም ጋር ወደ አንድ አገልግሎት መግባት እንደሚሻል ወስኗል። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ይሁን እንጂ ልጁ የሚገባበት የጋራ ትምህርት ቤት ደካማ ከሆነ፣ በጋራ መግባቱ ብቻውን ምን ይፈይድለታል?

አሽዶድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከተማይቱ በ1956 ስትቆረቆር መጀመሪያ የሰፈሩባት ከሞሮኮ የመጡ ኦሊም ናቸው፤ የልማት ከተማ ትባልም ነበር። ዛሬ ትልቅ ወደብ አላት፤ ማሪና ላይ ቆሞ ፎቆቹንና የጀልባዎቹን ምሰሶ የሚያይ ሰው ያ ሁሉ አሸዋ እንደነበር አያምንም። ከተማይቱ የተሠራችው ግን በሮቫ ተከፋፍላ ነው፤ እያንዳንዱ ሮቫ የራሱ ሱቅ፣ የራሱ ጋን፣ የራሱ ትምህርት ቤት አለው። ልጅ የሚመዘገበው ደግሞ በአብዛኛው ቤቱ ባለበት ክልል ነው። ስለዚህ ማሪና አካባቢ ቤት የሚገዛ ሰው ከቤቱ ጋር ትምህርት ቤትም ይመርጣል። የእኛ ቤተሰብ ግን የሚከራየው ኪራዩ የሚቻልበት ቦታ ነው። በ1991 አውቶቡሱ ያደረገውን ዛሬ የቤት ኪራይ ያደርገዋል።

ስለዚህ ከዒሪያው የምንጠይቀው ትንሽ ነው። በየሮቫው ያሉት ትምህርት ቤቶች ምን ውጤት እንዳላቸው፣ ስንት መምህርና ስንት የእርዳታ ሰዓት እንደተመደበላቸው ለወላጆች በአማርኛም በትግርኛም በቃል ይነገር። በወረቀት ብቻ መላክ የኬንያን መጽሐፍ መድገም ነው። በልጆቻችን ላይ ጥናት የሚያደርግ ተቋምም ውጤቱን ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ከማስረከቡ ጋር በማታናስ አዳራሽ ወላጆችንና ቄሶቻችንን ሰብስቦ ያስረዳ፤ ይጠየቅም።

ለእናንተም ውድ አንባቢያን፣ የጋንና የአንደኛ ክፍል ምዝገባ በየዓመቱ በጥር ወር አካባቢ ይከፈታል። የተመደበላችሁ ትምህርት ቤት ካልተስማማችሁ «ሀዓቫራ» ተብሎ የሚታወቀውን የዝውውር ጥያቄ ለዒሪያው የትምህርት ክፍል በጽሑፍ ማቅረብ ትችላላችሁ። እምቢ ከተባላችሁም ይግባኝ አለ። ማመልከቻውን የሚጽፍላችሁ ሰው ካጣችሁ በየሰፈራችሁ ወዳለው የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ኑ፤ የመታወቂያችሁን ሴፋሕ ይዛችሁ፣ ቀኑ ሳያልፍ።