ከግብር በኋላ ለሚቀር ትርፍ ስንት ኩንታል ይሸጣል?

ከደብረ ማርቆስና ከአካባቢዋ ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ እህል በረንዳ የሚያራግፍ ነጋዴ «ዘንድሮ ስንት ለማትረፍ አስበዋል?» ቢባል፣ ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው በመኪና ቁጥር ነው፡፡ «አሥራ አምስት አይሱዙ ካወጣሁ ይበቃኛል» ይላል፡፡ የመኪና ቁጥር ግን ትርፍ አይደለም፡፡ ከግብር በፊት ያለው ትርፍም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ኪስ አይገባም፡፡ ስሌቱ መጀመር ያለበት ግብር ተከፍሎ ከሚቀረው ገንዘብ ነው፡፡

ለምሳሌ አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንውሰድ፡፡ ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም፡፡ የአንድ ኩንታል ነጭ ጤፍ መሸጫ 12,000 ብር ነው፡፡ የግዢ፣ የጆንያ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የመኪናና የደላላ ወጪ ሲደመር 10,000 ብር ይሆናል፡፡ ከኩንታሉ 2,000 ብር ይተርፋል ማለት ነው፡፡ የመጋዘን ኪራይ፣ ደመወዝና የባንክ ወለድ በዓመት 600,000 ብር ነው፡፡ ባለቤቶቹ ከግብር በኋላ 840,000 ብር ይፈልጋሉ፡፡

በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ድርጅት ከትርፉ 30 በመቶ ስለሚከፍል ለባለቤቶቹ የሚቀረው 70 በመቶው ነው፡፡ ስለዚህ 840,000 ለ0.7 ሲካፈል ከግብር በፊት 1,200,000 ብር ትርፍ ያስፈልጋል፡፡ በዚህ ላይ ቋሚው ወጪ ሲደመር 1,800,000 ብር፣ ለ2,000 ሲካፈል 900 ኩንታል ይመጣል፡፡ 50 ኩንታል በሚጭን አይሱዙ 18 ጉዞ፣ በገንዘብ 10.8 ሚሊዮን ብር ሽያጭ ነው፡፡

ግብሩን የረሳ 720 ኩንታል ይበቃኛል ብሎ 588,000 ብር ይዞ ይቀራል፡፡ በ840,000 ላይ 30 በመቶ የጨመረው ደግሞ 846 ኩንታል ሸጦ 75,600 ብር ይጎድለዋል፡፡ ግብሩ የሚሰላው ከጠቅላላው ትርፍ እንጂ ከሚቀረው አይደለምና፡፡

የጎጃም እህል ንግድ ሌላም ቀዳዳ አለው፤ ይኸውም ደረሰኝ ነው፡፡ ለደላላና ለወዛደር ያለ ደረሰኝ የተከፈለን ገንዘብ ግብር ሰብሳቢው በወጪነት አይዝም፡፡ ከላይ ካለው ወጪ 100,000 ብር ውድቅ ቢደረግ ድርጅቱ ያሰበውን ለማግኘት 22 ኩንታል ያህል ተጨማሪ መሸጥ አለበት፡፡

ይበልጥ የሚያሳስበው ገበያ ለመያዝ ሲባል ዋጋ መቀነስ ነው፡፡ ከኩንታል 500 ብር ብትቀነስ የዋጋው 4 በመቶ ብቻ ናት፡፡ የሚተርፈው ግን ወደ 1,500 ይወርድና የሚፈለገው ሽያጭ 1,200 ኩንታል ይሆናል፡፡ ለአራት በመቶ ቅናሽ የአንድ ሦስተኛ ተጨማሪ ድካም! በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ግብሩ ከዓመታዊ ሽያጭ 2.5 በመቶ እንዳያንስ ስለሚያዝ፣ ከዚህ በታች የወረደ ድርጅት ዝቅተኛውን ግብር ይነካል፤ ያኔ በ0.7 ማካፈሉም አይሠራም፡፡

በግል ስሙ የሚነግድ ሰው ግብሩ በእርከን ስለሚሰላና የላይኛው እርከን 35 በመቶ ስለሆነ ስሌቱን በራሱ ሠንጠረዥ ይሥራ፡፡

በእኛ አስተያየት ነጋዴው ስንት መኪና አወጣሁ ከማለቱ በፊት ከአንድ ኩንታል ስንት ይቀረኛል ብሎ ይጠይቅ፡፡ 900 ኩንታል ለመሸጥ መንገዱ፣ ካፒታሉና ገበያው ካልፈቀዱለትም፣ ብድሩን ከመፈረሙ በፊት የትርፍ ዕቅዱን ዝቅ ያድርግ፡፡