«አታስቸግርም» እየተባለች የምትመጣ እንግዳ

ውሻ ያዙልኝ የሚል ሰው ቢያንስ ይሉኝታ ይይዘዋል፡፡ ውሻ ይጮኻል፣ ሥጋ ይፈልጋል፣ ቆጣሪ አንባቢውን ይነክሳል፡፡ ድመትም ብትሆን ሶፋ ትቦጫጭራለች፡፡ ኤሊ የሚያስይዝ ሰው ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም! «ምን ታስቸግራለች ብላችሁ ነው? ድምፅ እንኳን የላት» ይላችሁና ካርቶኑን በር ላይ አስቀምጦ ይሄዳል፡፡

እኛ ቤት (ሦስት ሴቶች ነን፤ ኪራይ ተጋርተን የምንኖር፣ መዳፍ የምታህል ጓሮ ያለችን) ሁለት ኤሊዎች በእንግድነት ተቀምጠዋል፡፡ ያስቀመጡብን የምናከብራቸው እናት ናቸው፡፡ ግቢያቸው ፈርሶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገብተዋል፡፡ «ልጆቼ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ» አሉን፡፡ ሁለት ሳምንቱ አራት ወር ሞላው፡፡ እማማን አንወቅሳቸውም፤ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሣር አይበቅልም፡፡ እኛ የተጣላነው «አታስቸግርም» ከሚለው ቃል ጋር ነው፡፡

ኤሊ ዝም የምትለው ስለተመቻት አይደለም፡፡ በርዷትም ዝም፣ ርቧትም ዝም፣ ታማም ዝም ነው፡፡ የእኛዎቹ ሌፐርድ ቶርቶይዝ የሚባሉት፣ ጀርባቸው እንደ ነብር የተዥጎረጎረ የየብስ ኤሊዎች ናቸው፡፡ አገራቸው ሣርና ቁጥቋጦ ያለበት ደረቅ ምድር ነው፤ በእኛም ስምጥ ሸለቆ ይገኛሉ፡፡ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፡፡ ኤሊ ሰውነቷን የምታሞቀው ከውጭ በምታገኘው ሙቀት ነው፡፡ እንግዲህ የሐምሌን ሌሊት አስቡት! ጭቃ ላይ፣ ዝናብ ሥር፣ ያለ ጣሪያ...

«ተኝታ ነው፤ ኤሊ ክረምቱን ትተኛለች» የሚል አዋቂ ጎረቤት መቼም አይጠፋም፡፡ ብርዱ በሚጠናበት አገር ወራት ሙሉ የሚተኙ ኤሊዎች አሉ፤ ይሄኛው ዘር ግን ከእነሱ አይደለም፡፡ መብላት አቁማ፣ አፍንጫዋ አረፋ እያወጣ፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ እንቅልፍ ሳይሆን የሳንባ በሽታ ነውና ወደ እንስሳት ሐኪም ነው የሚኬደው፡፡ ደረቅ ሣጥን፣ ከነፋስ የተከለለ ጥግ፣ ቀን ቀን ደግሞ ፀሐይ ያስፈልጋታል፡፡ በመስኮት መስታወት ያለፈ ፀሐይ አይቆጠርም፤ ለአጥንቷና ለቅርፊቷ የሚጠቅመውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል፡፡

ምግብ ላይ ደግሞ የአበሻ ደግነት ያስቸግራል፡፡ እንግዳ ነችና ትብላ! ወተት የነከረ ዳቦ፣ እንጀራ፣ አንዳንዱም የውሻውን ትራፊ ያቀርብላታል፡፡ የምትፈልገው ግን ሣር ነው፡፡ ሰርዶ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ከተገኘም እሾሁ የተላጠ የበለስ ቁልቋል፡፡ ከጫት ቤት ፊት ለፊት ሣር የምታጭዱ ሦስት ሴቶች ካያችሁ፣ እኛ ነን፡፡

ውሃ የምትጠጣው ከዝርግ ሳህን ነው፡፡ «ኤሊ አይደለች፣ ትዋኝ» ብሎ ባልዲ ውስጥ መክተት ማስመጥ ነው፤ የየብስ ኤሊ ለዋና የተፈጠረች አይደለችም፡፡ ስትገለበጥም «ተጫዋች!» እያሉ ፎቶ ማንሳት ይቅር፡፡ ሳንባዋ ከላይ ከቅርፊቱ ሥር ስለሆነ በጀርባዋ ስትወድቅ የሆድ ዕቃዋ ይጫነዋል፡፡ ቅርፊቱ ራሱ ከአከርካሪዋና ከጎድን አጥንቷ ጋር የተያያዘ ሕይወት ያለው አካል ነው፤ ሲነካ ይሰማታል፡፡ ቀዳዳ በስተው በገመድ የሚያስሯትን፣ ቀለም የሚቀቧትን ሰዎች ምን እንደምንላቸው እዚህ አንጽፍም፡፡

ሕፃን ልጅ ቤታችሁ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ እጅ በሳሙና ማስታጠብ አይረሳ፡፡ ጤነኛ የምትመስል ኤሊም ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች፡፡ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎችን መሸጥ የከለከሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ልጆች አፋቸው ውስጥ እየከተቷቸው ይታመሙ ነበር፡፡

ጋዜጠኝነት ስንማር ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ ተብለናል፡፡ ካርቶን ይዞ በር ላይ ለሚቆም ሰውም ያው ነው፡፡ ማን አሳደጋት? ምን ትበላለች? የት ነው የምታድረው? ብትታመም ማን ይከፍላል? ከሁሉም በላይ ግን፣ መቼ ነው የምትወስዷት? ይህን ዘር ተንከባክቦ የያዘ ሰው 50 ዓመትና ከዚያም በላይ አብሮት ሊኖር ይችላል፡፡ ሴንት ሄሌና ደሴት ላይ ለአገረ ገዥው ግቢ እ.ኤ.አ. በ1882 የመጣው ጆናታን የሚባል ኤሊ (ዘሩ ሌላ ነው) በዚያ ግቢ ውስጥ ሁለቱን የዓለም ጦርነቶች አሳልፏል፡፡ «ለጊዜው» ሲባል እንግዲህ የማን ጊዜ ነው?

ለእማማ ጥያቄውን ማቅረብ ከብዶን ነበር፡፡ ከዚያ ሁሉ ግቢ፣ ከጽዱም ከጌሾውም፣ የቀሯቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸውና፡፡ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ መያዝን እንደሚከለክል ስንነግራቸው «እኔ አውሬ አላሳደግኩም፣ ልጅ ነው ያሳደግኩት» አሉ፡፡ ምን ይባላል?

የሰለቸው ሰው አንዳንዴ «ቢሾፍቱ ሐይቅ ወስደን እንልቀቃት» ይላል፡፡ ለዋና ላልተፈጠረችው! እንጦጦ ደግሞ ከከተማውም ይብሳል፤ ይበርዳል፡፡ ለዓመታት ሰው ያበላትን ኤሊ ያገኙት ጫካ ውስጥ መጣልም መልቀቅ አይባልም፡፡ የሚደወለው ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፡፡ ከሰው እጅ የወጡ የዱር እንስሳትን የሚያኖረው የእንስሳ ኮቴ ማዕከልም ሆለታ አቅራቢያ አለ፡፡ እማማ እንዲደወል ተስማምተዋል፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፡- ሄደው ሊጠይቋቸው እንደሚችሉ አስቀድመን እንድናረጋግጥላቸው፡፡