ላላሸነፉትም የሚተርፍ መታሰቢያ

ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂ ተነስታ አዲስ አበባ የገባችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነበር (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጣችው ትምህርቷን ልትቀጥል ነው። ይሁንና ስትደርስ የትምህርት ቤት ምዝገባው አልፏል። ሌሎቹ የቤተሰቡ ልጆች ቀድመው ሩጫው ውስጥ ገብተው ስለነበር እሷም ደብተሩን ትታ የማረሚያ ቤቶች ክለብን ተቀላቀለች። የቀረውን የስፖርቱ ቤተሰብ በቃሉ ይወጣዋል። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለች በ2003 በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና የ5 ሺህ ሜትር ወርቅ፣ በ2008 በቤጂንግ የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ድርብ ወርቅ፣ በ2012 በለንደን እንደገና የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ።

ታሪኩ ሲነገር የሚጥመው መጨረሻው ስላማረ ነው። ግን እስቲ በዚያው ዓመት ምዝገባ ያመለጣት፣ ሩጫውም ያልቀናት ሌላ የአርሲ ልጅ ትታሰብ። ክለቡ «አልሆንሽም» ብሎ ቢመልሳት፣ ወይም በሁለተኛው ዓመት ጉልበቷ ቢጎዳ ምን ይዛ ነው አገሯ የምትገባው? ሜዳሊያ የላት፣ የትምህርት ማስረጃ የላት። ስለ ሯጮች መንደሮች ሲወራ የማይነሳው ጥያቄ ይኸው ነው።

ሁለት ጠባብ በሮች

በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የአርሲ ከተማ ናት። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባና ቲኪ ገላና ከእሷና ከአካባቢዋ የወጡ ናቸው። ከ1992 ባርሴሎና እስከ 2012 ለንደን እነዚህ አምስት ሯጮች ብቻ 10 የኦሊምፒክ ወርቅ ሰብስበዋል። ይህን ያህል ወርቅ በአንድ ወረዳ መሰብሰቡ ብዙ ትልልቅ አገሮችን ያስቀናል።

ከዚህ ዝና ጀርባ አንድ የትምህርት ቤት ሰው አለ። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የበቆጂ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ልጆቹን ያገኟቸውም እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ከተማዋ የተሠራውና በ2012 የወጣው ዘጋቢ ፊልም ዓለም እንዲያውቃቸው አድርጓል። ፊልሙ የሚከተለው ግን ሻምፒዮኖቹን አይደለም። ከበቆጂ ወጥተው ማሰልጠኛ ካምፕ የገቡ ሁለት ልጃገረዶችንና እዚያ የገጠማቸውን ውጣ ውረድ ነው። ፊልሙን ያየ ሰው ሩጫ ለአንዱ መሰላል፣ ለሌላው ደግሞ መንገድ ላይ የሚቀር ጉዞ መሆኑን ይረዳል።

ሒሳቡም ቀላል ነው። አንድ አገር በኦሊምፒክ ለአንድ ውድድር ከሦስት ሯጭ በላይ አያሰልፍም። በ5 ሺህ፣ በ10 ሺህና በማራቶን፣ ወንድና ሴት ተደምሮ፣ ኢትዮጵያ በአራት ዓመት አንዴ የሚኖራት ቦታ ቢበዛ 18 ነው። በሁለት ርቀት የሚሮጥ ሲኖር ደግሞ ሰዉ ከዚያም ያንሳል። እርግጥ ነው፣ የጎዳና ሩጫ ገንዘብ ከኦሊምፒክ ቡድን ውጪ ላለም ይደርሳል። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት በቆጂ ሜዳ ላይ ከሚያሟሙቁት ልጆች አብዛኞቹ ከሩጫ እንጀራ እንደማይበሉ ማንም አሰልጣኝ አይክድም።

«ታዲያ ይማሩ!» ማለት ቀላል ነው። የትምህርቱ በርም ቢሆን ሰፊ አይደለም። የኦሮሚያ ተማሪ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ 9ኛ ሲገባ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ክለቦችና ማሰልጠኛዎች ታዳጊ የሚመለምሉትም በዚያው ዕድሜ ነው። ማለትም ልጁ መጽሐፉ በከበደበት ሰዓት ደመወዝና ማደሪያ ያለው ካምፕ ይጠራዋል። በ2022 በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አይዘነጋም። ሙሉ ቀን ተምሮ የማይታለፍ ፈተና በቀን ሁለቴ ልምምድ ለሚሠራ ልጅ ምን እንደሚመስል መገመት ነው።

ኬንያውያን በየት በኩል ዞሩ?

ጎረቤት ኬንያ ተመሳሳይ ችግር ነበረባት፤ የያዘችው መንገድ ግን ለየት ይላል። 2 ሺህ 400 ሜትር ላይ በምትገኘው የኢተን ከተማ የቅዱስ ፓትሪክ ትምህርት ቤት አለ። አየርላንዳዊው ወንድም ኮልም ኦኮነል በ1976 ለማስተማር መጥተው እዚያው አሰልጣኝ ሆኑ። ተማሪው አዳሪ ነው፤ የሚበላውና የሚተኛው እዚያው ሆኖ ይማራል፣ ይሮጣል። በ1988 ሴኡል ላይ የ1,500 ሜትር ወርቅ የወሰደው ፒተር ሮኖ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥቶ አሜሪካ ኮሌጅ የገባ ልጅ ነው። ቦስተን ማራቶንን ሦስት ጊዜ ያሸነፈው ኢብራሂም ሁሴንም እንዲሁ።

ኬንያውያን ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሩጫቸው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ዕድል ሲያገኙ ቆይተዋል። በ1972 ሙኒክ በ800 ሜትር ነሐስ ያገኘው ማይክ ቦይት በዚሁ መንገድ አሜሪካ ተምሮ በአገሩ የዩኒቨርሲቲ መምህር ለመሆን በቅቷል። እሱና ጆን ማነርስ የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በ2004 ያቋቋሙት ኬንሳፕ የተሰኘ ፕሮግራም ደግሞ ነገሩን ገለበጠው። ከስምጥ ሸለቆው ደጋ በማትሪክ የላቀ ውጤት ያመጡ ልጆችን ይመርጥና 1,500 ሜትር ያስሮጣቸዋል። አስቀድሞ ማርኩ፣ ቀጥሎ እግሩ ማለት ነው። በዚህ መንገድ ሃርቫርድና የልን ወደመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች የገቡ አሉ።

ሆኖም የትምህርት ዕድል በራሱ ሁሉን ያድናል ማለት አይደለም። ከናንዲ ተራሮች ወጥቶ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሄንሪ ሮኖ በ1978 በ81 ቀን ውስጥ የ3 ሺህ መሰናክልን፣ የ3 ሺህን፣ የ5 ሺህንና የ10 ሺህ ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰኖች ሰባበረ። ኬንያ 1976ንም 1980ንም ኦሊምፒክ ስላልተካፈለች ሜዳሊያ አላገኘም። ቀጥሎ መጠጥ ጣለው፤ ዓለምን ጉድ ያሰኘው ሰው በአሜሪካ አየር ማረፊያ ሻንጣ እያነሳ ኖረ። ኋላ ከመጠጡ ተላቆ መምህር ሆነ፤ በ2024 በኬንያ አረፈ። ከሮኖ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ገንዘቡ የልጁን እግር ብቻ የሚገዛ ከሆነ እግሩ ሲደክም ልጁም አብሮ ይወድቃል።

ሁለቱም 24 ዓመታቸው ነበር

ታዲያ ገንዘቡ በማን ስም ይሰብሰብ? እዚህ ላይ ሁለት ሞቶችን ማስተያየት ይጠቅማል።

አሜሪካዊው ስቲቭ ፕሪፎንቴን በግንቦት 1975 በመኪና አደጋ ሲሞት 24 ዓመቱ ነበር። ከ2 ሺህ እስከ 10 ሺህ ሜትር ያሉት የአገሩ ክብረ ወሰኖች በእጁ ነበሩ። የተወለደባት ኩስ ቤይ የእንጨት ሠራተኞች የወደብ ከተማ ናት። ተራራ ላይ አይደለችም፤ በትንሽነቷ፣ ልጆቿም ሠርተው አዳሪ በመሆናቸው ግን በቆጂን ትመስላለች። ከተማዋ ከ1980 ጀምሮ በየዓመቱ በስሙ 10 ኪሎ ሜትር ታስሮጣለች። ሩጫው ልምምድ ይሠራባቸው የነበሩትን መንገዶች ተከትሎ መጀመሪያ በተወዳደረበት የትምህርት ቤት መም ላይ ያበቃል። ከዚያ የሚገኘው ገቢም ለአካባቢው ተማሪ ሯጮች ድጋፍና የትምህርት ዕድል ይውላል። ሟቹን በዓይናቸው ያላዩ ልጆች በስሙ ይማራሉ ማለት ነው።

ኬንያዊው ኬልቪን ኪፕተምም በየካቲት 2024 በመኪና አደጋ ሲሞት 24 ዓመቱ ነበር። ከአራት ወር በፊት በቺካጎ ማራቶንን በ2:00:35 ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሯል። የወጣው ከኤልጌዮ ማራክዌት ደጋ ነው፤ ልጅ ሳለ ከብት እየጠበቀ ሯጮችን በባዶ እግሩ ይከተል ነበር። ሲሞት የአገሩ መንግሥት ለቤተሰቡ በጥቂት ቀናት ቤት አሠርቶ አስረከበ። ደግ ሥራ ነው፤ ልጅና ሚስት ሜዳ ላይ መቅረት የለባቸውም። ግን ቤት የአንድ ቤተሰብ ነው። በዚያው ዳገት ሯጮችን እየተከተለ ላለው የዛሬ እረኛ አይደርስም።

ኢትዮጵያም የምታስባቸው አላት። አበበ ቢቂላ በ1973፣ ማሞ ወልዴ በ2002፣ ምሩጽ ይፍጠር በ2016 አርፈዋል። ስማቸው ይወሳል፤ አዲስ አበባ በአበበ ስም የተሰየመ ስታዲየም አላት። በሕይወት ላሉትም ቢሆን አሰላ ላይ በጥሩነሽ ስም የተሰየመ የስፖርት ማሰልጠኛ ማዕከል አለ። ስታዲየምም ማሰልጠኛም ያስፈልጋል። ልብ መባል ያለበት ግን ሁለቱም የሚያገለግሉት በሩጫው ውስጥ ያለውን መሆኑ ነው። ከሩጫው ለወደቀው ልጅ የተሰየመ ነገር ሲነሳ እምብዛም አይሰማም።

አንድ ስም ደግሞ አብዛኛው ሰው ረስቶታል። ዓለም ተጫለ በ2003 ካናዳ ሼርብሩክ ላይ በታዳጊዎች የዓለም ሻምፒዮና የ1,500 ሜትር ወርቅ ያመጣች ልጅ ናት። ጥር 4 ቀን 2005 ከእጮኛዋ ከቀነኒሳ ጋር ልምምድ ላይ ሳለች ወድቃ አረፈች። 18 ዓመቷ ነበር፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ዕድሜ ማለት ነው። ቀነኒሳ ሐዘኑን ይዞ በዚያው ዓመት መጋቢት ሴንት ኤቲየን ላይ የዓለም አገር አቋራጭን አጭሩንም ረጅሙንም አሸነፈ። ሰው ያስታወሰው ድሉን ነው። እንደ እሷ ገና በጠዋቱ ለተቀጩ ልጆች በዚያው ዕድሜ ያለችን አንዲት ተማሪ ከማስተማር የተሻለ ምን መታሰቢያ ይኖራል?

ገንዘቡ ከየት? ለማንስ?

የመታሰቢያ የትምህርት ዕድል አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። ዋናው ገንዘብ ይቀመጣል፣ አይነካም፤ በየዓመቱ ከሚያስገኘው ብቻ ይሰጣል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በተለምዶ ከ4 እስከ 5 በመቶ ያወጣሉ። ይህንኑ እዚህ እንዳለ መቅዳት ግን አይሠራም። ብሔራዊ ባንክ በ2017 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎ ነበር። በዚያ ስሌት 1 ሚሊዮን ብር በዓመት 70 ሺህ ይወልዳል። በ2022 ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፏል፤ ሚሊዮኑ በአንድ ዓመት ወደ ሩብ የሚጠጋ አቅሙን አጣ ማለት ነው። መታሰቢያውን ሌባ ሳይነካው ገበያ በላው።

የሚያዋጣው ታዋቂ አትሌቶቹ ራሳቸው ያሳዩት መንገድ ነው፤ ሕንፃና ኪራይ። ኪራይ ከገበያው ጋር አብሮ ይወጣል። ከአንድ ሕንፃ አንድ ፎቅ በመታሰቢያ ስም ቢመደብ በየዓመቱ ለልጆች የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ጫማና ማጠናከሪያ ትምህርት የሚሆን ቋሚ ገቢ ይገኛል። ሌላው ሩጫው ራሱ ነው። ከ2001 ጀምሮ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰብ እንደሚቻል አሳይቷል።

ከገንዘቡ የሚከብደው ደንቡ ነው። አንደኛ፣ ዕድሉ በሰዓት መታሰር የለበትም። ልጁ ዘንድሮ ሰዓቱ ቢወርድ ወይም ቢጎዳ ትምህርቱ መቀጠል አለበት፤ ካልሆነማ ከክለብ ውል በምን ይለያል? ሁለተኛ፣ ከዩኒቨርሲቲ መጀመር የለበትም። ልጆቹ የሚቀሩት 9ኛና 10ኛ ክፍል ላይ ስለሆነ ገንዘቡም እዚያ ሊደርስ ይገባል። ሦስተኛ፣ መራጩ አሰልጣኝ ብቻ መሆን የለበትም። መምህርም ወላጅም ይግቡበት፤ አለዚያ «የእገሌ ልጅ» የሚለው ሐሜት ከመጀመሪያው ዓመት ያፈርሰዋል።

ለሴቶቹ ልጆች ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ገጠር ውስጥ ከትምህርት የቀረች ልጅ ቀጣዩ ጥያቄ ትዳር ነው። በ2006 በአሜሪካ የተመሠረተው ገርልስ ጋታ ራን በበቆጂና በሶዶ የሞከረው ይህንኑ ነበር። ሩጫውን ሰበብ አድርጎ ልጃገረዶችን ትምህርት ቤት ማቆየት፣ እናቶቻቸውንም በቁጠባ ማኅበር ማደራጀት። ሐሳቡ እንደሚሠራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጎደለው በአገር ልጅ ስም፣ በአገር ገንዘብ የቆመው ነው።

«ልጆቹ ትምህርት ከያዙ ሩጫው ይዳከማል» የሚል ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም። ኃይሌ ገብረሥላሴ አሰላ ሳለ ትምህርት ቤት ደርሶ ለመመለስ በየቀኑ 20 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ ግራ ክንዱ አጠፍ ብሎ የቀረው ደብተር ከመያዝ ብዛት እንደሆነ ይነገራል። ያ ደብተር ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ከማምጣት አላገደውም። ጥሩነሽም ብትሆን ምዝገባው ባያመልጣት ኖሮ ላትሮጥ ትችል ነበር የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። አንዲት ልጅ ሁለቱንም እንድትሞክር እንጂ በአንድ ቀን መዘግየት ዕጣዋ እንዲወሰን የሚፈልግ የለም።

ፌዴሬሽኑ፣ ክለቦቹና ባለሕንፃዎቹ አትሌቶች ለዚህ የሚሆን አቅም አላቸው። የሚታሰቡ ስሞችም ሞልተዋል። ልጆቹ ደግሞ ዘንድሮም እዚያው ሜዳ ላይ ናቸው፤ የትምህርት ቤቱ ምዝገባም በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ይዘጋል።