ለጁባ የዕፀዋት አፀድ ያስፈልጋታል

በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ በኢንቴቤ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 የተቋቋመው የዕፀዋት አፀድ ካካዎንና ጎማን የመሳሰሉ የባዕድ አገር ተክሎች የተፈተኑበት ስፍራ ነው። ከዚያው ሐይቅ የሚወጣው ነጭ ዓባይ በጁባ በኩል ያልፋልና፣ ጁባም በወንዟ ዳር እንዲህ ያለ አፀድ ሊኖራት ይገባል።

በቅድሚያ መሰብሰብ ያለበት ግን የአገሩ ተክል ነው። ፍሬው ቅባት የሚሰጠው የሉሉ ዛፍ ለማፍራት ብዙ ዓመት ስለሚፈጅ፣ ዛሬ ካልተተከለ ለነገ አይደርስም። በኢትዮጵያ ጠረፍ አጠገብ ባለው በቦማ አምባ የሚበቅለው የዱር ቡና ደግሞ የጁባን ቆላ ስለማይወድ፣ በዚያው በቦማ የአፀዱ ቅርንጫፍ ሊቆምለት ያስፈልጋል፤ በ2012 የጎበኙት ተመራማሪዎች ደኑ መጎዳቱን አይተዋልና።

ሹማምንቱ ቦታውን ይስጡ፤ ገበሬውም ዘሩን ያምጣ። የጠፋ ዘር በገንዘብ አይመለስም።