አንድሮሜዳን ያሰራት ማን ነው?

በአርሲ ደጋ የስንዴው አዝመራ በሚሰበሰብበት በኅዳር ወር፥ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ አሰላ ከተማ ቆሞ፥ የጭላሎን ተራራ በቀኙ አድርጎ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው፥ ሰማዩ የጠራ እንደ ሆነ አምስት ብሩሃን ከዋክብት በአንድነት ያያል። እነዚህም ካሲዮፔያ ይባላሉ። በስተግራዋ ባልዋ ኬፌዎስ፥ ከበላይዋ ልጅዋ አንድሮሜዳ፥ በስተቀኝዋ ፔርሴዎስ አሉ። የጥንት ጽርዓውያን ኬፌዎስን የኢትዮጵያ ንጉሥ ነበረ ይሉታል፤ በዚያ ዘመን ግን ይህ ስም ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ሁሉ የሚያጠቃልል ነበር።

ተረቱም እንዲህ ነው። ንግሥቲቱ «በውበት ከባሕር ቆነጃጅት እበልጣለሁ» ብላ ታበየች። የባሕር አምላክ የሚሉት ፖሲዶንም ተቆጥቶ አገር የሚያጠፋ አውሬ ሰደደ። የጣዖት ካህናት ቢጠየቁ «ልጂቱ ለአውሬው ትሰጥ» አሉ። አባትዋም በባሕር ዳር ከዓለት ጋር በሰንሰለት አሳሰራት። ፔርሴዎስ ግን አውሬውን ገድሎ ፈታት፤ አገባትም።

የማርሴይ ተወላጅ የሆነው ቀራጺ ፒዬር ፑዤ፥ ባሮክ በሚባለው የጥበብ ዘመን፥ ይህን ተረት በዕብነ በረድ ቀርጾ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1684 ዓመተ ምሕረት ፈጸመው። ቁመቱ ከ3 ሜትር ይበልጣል። አስቀድሞ በንጉሥ ሉዊ 14ኛ የቬርሳይ አትክልት ስፍራ ቆሞ ነበር፤ ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛል። ፔርሴዎስ ሰንሰለቱን ሲያላቅቅ፥ ልጂቱ ደክማ ወደ እርሱ ስታዘነብል ያሳያል። በጐልማሳው አጠገብ እጅግ አንሳ ስለ ተቀረጸች ሥራውን የነቀፉ ነበሩ። እኛ ግን አንሳ በመታየትዋ ልባችን ተነካ።

የሐውልቱን ሥዕል በመጽሐፍ ስንመለከት ልጃችን ከአጠገባችን ነበረች።

«አባባ፥ ማን አሰራት?» አለችን።

«አባትዋ።»

«የታበየችው እናትዋ አይደለችም እንዴ?»

በየቀኑ በችሎት ፍርድ የምንጽፍ ስንሆን የምንመልስላት አጣን። በዚያው ሳምንት በአንድ ግብዣ ላይ በልጃችን ትምህርትና ጠባይ ስንመካ አምሽተን፥ ሞቅ ብሎን ሳለ፥ «ለልጅህ እንድርለታለን» ብለን ለአንድ ወዳጃችን ቃል ሰጥተን ነበርና። እርስዋን ግን አልጠየቅናትም።

በማግሥቱ ከወዳጃችን ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። «ሰው ቃሉን ያጥፋል?» አለን። «የሰጠነው የእኛ ያልሆነውን ነው» አልነው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታው ቀዝቅዞብናል፤ አዝነናል፥ ግን አልተጸጸትንም።

በልጅ መደሰት የተገባ ነው። ነገር ግን ወላጅ በሰው ፊት የተመካበትን ዕዳ ልጁ እንዳይከፍለው፥ ቃል ከመስጠቱ በፊት ወደ ቤቱ ገብቶ ልጁን ይጠይቅ።